ለአባቴ መክፈቻ ስመርጥ

ቼዝ ሲጀመር ነጩ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው እርምጃዎች 20 ናቸው። ስምንቱ ወታደሮች እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ቤት መሄድ ይችላሉ፤ ያ 16 ነው። ሁለቱ ፈረሶች ደግሞ ሁለት ሁለት መዝለያ አላቸው። ጥቁሩም እንዲሁ 20 መልስ አለው። ሁለቱም አንድ አንድ እርምጃ ካደረጉ በኋላ ሰሌዳው 400 ዓይነት መልክ ሊኖረው ይችላል። ሁለት ሁለት ሲሆን የመንገዱ ብዛት 197,281 ይደርሳል፤ ሦስት ሦስት ሲሆን ከ119 ሚሊዮን ያልፋል። ቁጥሮቹን የማውቃቸው ጎበዝ ተጫዋች ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። የቼዝ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ኮዱ ሕጉን በትክክል መከተሉን የሚፈትነው እነሱን በማስቆጠር ነው፤ እኔም አንድ ሰሞን ለራሴ መዝናኛ ጽፌ ነበር።

ከዚህ ሁሉ መንገድ ውስጥ ሰዎች ደጋግመው የረገጡት ስም ወጥቶለታል፦ ጣሊያን፣ ስፓኒሽ፣ ሲሲሊያን፣ ፍሬንች፣ ካሮ ካን፣ ለንደን፣ የንግሥት ጋምቢት። መክፈቻ፣ ተጫዋቾቹ እንደሚሉት ኦፕኒንግ፣ ማለት ይኸው ነው። ጀማሪ ሰው ሕጉን ባወቀ በሳምንቱ የሚጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ "የቱን ልያዝ?"

የተለመደውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኦፕኒንግ ላይ ጊዜ አታጥፋ፣ መጀመሪያ ዕቃህን በነጻ ማስበላት አቁም ይባላል። እውነት ነው። ካፓብላንካ እንኳ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መማሪያ ትምህርቱን የሚጀምረው ጥቂት ዕቃ ብቻ ከቀረበት ሰሌዳ ነው፤ መክፈቻ የሚመጣው ቆይቶ ነው። በኮምፒውተር ቢለካም ጤነኛ በሆኑ መክፈቻዎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ወታደር ቁራጭ ነው። ጀማሪ ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ አምስት ወታደር የሚያወጣ ሩክ ይጥላል፣ መልሶ ያገኛል፣ እንደገና ይጥላል። ይሁን። ሰሌዳው ፊት የተቀመጠ ሰው ግን የመጀመሪያውን ዕቃ የሆነ ቦታ ማስቀመጥ አለበት። "አትጨነቅ" የሚለው ምክር እጁን በአየር ላይ ይዞ ለቆመ ሰው ምንም አይረዳውም።

እጁን በአየር ላይ ይዞ የቆመው ሰው አባቴ ነው።

63 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዳማ ሲጫወት ኖሯል፤ በቆርኪ፣ ካርቶን ላይ በተሰመረ ሰሌዳ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ። ጡረታ ከወጣ በኋላ ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር የሚላቸው የቀድሞ የሒሳብ መምህር፣ ወደ ቼዝ ሳቡት። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ይገናኛሉ። ቲቸር አይራሩም። ቢሾፓቸውን ሲ4 ላይ፣ ንግሥታቸውን ኤች5 ላይ ያደርጉና በአራተኛው እርምጃ ኤፍ7 ላይ ይጨርሱታል። ኤፍ7 ከንጉሡ በስተቀር ማንም የማይጠብቀው ቤት ነው። አባቴ ሻዩ ሳይበርድ ተሸንፎ ይነሳል።

"አስር ሙቭ ስጠኝ" አለኝ አንድ ቅዳሜ። "በቃሌ የምይዘው።"

"ለምን አስር?"

"መያዝ እንደምችል ልየው።"

እዚህ ላይ ነገሩ የቼዝ ብቻ መሆኑ ቀረ። አባቴ በልጅነቱ ዳዊት የደገመ ሰው ነው። እኛ ልጆች ሆነን የዘመድ አዝማዱን ስልክ ቁጥር ደብተር ሳይገልጥ ይደውል ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ስም ይጠፋዋል። መልኩን ያውቃል፣ ሰውየው የት እንደሚሠራ፣ ልጁን መቼ እንደዳረ ይነግርሃል፤ ስሙ ግን አይመጣለትም። እህቴ ሐኪም ዘንድ ወስዳው ነበር፤ ከዕድሜው ውጪ የሆነ ነገር አልታየም ተባለ። እሱ ግን የሚያስበው እናቱን ነው። አያቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት "አንተ የማን ልጅ ነህ?" እያለች ትጠይቀው ነበር።

ስለዚህ አስር ሙቭ ብሰጠውና ስድስተኛው ላይ ቢጠፋበት፣ ጠፋብኝ ብሎ አይስቅም። ሌላ ነገር ያነብበታል።

መክፈቻዎቹን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ብቻ መመዘን የጀመርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። ሲረሳ ምን ይሆናል? በኛ ሙያ አንድ ሲስተም ጥሩ ነው የሚባለው ሁሉም ነገር ሲሠራ በሚያሳየው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ክፍል ሲወድቅ የቀረው እንዴት እንደሚሆን ይታያል። አንዳንዱ ቀስ ይላል፣ ግን ይሠራል። አንዳንዱ ጠቅላላው ይናዳል። መክፈቻም እንደዚያው ነው። ደግሞም የሚረሳው አባቴ ብቻ አይደለም፤ ጀማሪ ሁሉ ይረሳል። ባይረሳ እንኳ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው የተሸመደደውን ዝርዝር አላየውም፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው እርምጃ ከዝርዝሩ ውጪ ያወጣዋል። ያኔ የረሳ ሰውና ያልረሳ ሰው አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ።

በዚህ ሚዛን ብዙዎቹ በቶሎ ይወድቃሉ። ሲሲሊያን ድንቅ ነው፤ ነጩ ኢ4 ሲል ጥቁሩ ሲ5 ብሎ ከመጀመሪያው ሚዛኑን ያዛባዋል። ግን ድራጎን የሚባለውን ዘር ያዝ ብትለውና አንድ እርምጃ ቢያሳልፍ፣ በኤች መስመር የመጣ ሩክ ንጉሡን ጓዳው ድረስ ገብቶ ያወጣዋል። የንጉሥ ጋምቢት በሁለተኛው እርምጃ ኤፍ4 ብሎ የራሱን ንጉሥ በር ይከፍታል፤ ለጎረምሳ እሰጠዋለሁ። የቲቸር አራት እርምጃ ደግሞ የማያውቅን ሰው ብቻ ነው የሚያሸንፈው። የሚያውቅ ሰው ፈረሶቹን እያወጣ ንግሥቷን ሰሌዳው ላይ ሲያሯሩጣት ይውላል።

ካሮ ካን የሚያስመካ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. ትንታኔውን ያሳተሙት ሆራሺዮ ካሮና ማርከስ ካን ስማቸውን ሰጥተውታል፤ ጥቁሩ በሲ6 ደግፎ ዲ5 ይላል፣ ጎጆው ጠንካራ ነው። ለሌላ ጀማሪ ያለ ሐሳብ እመክረዋለሁ። አባቴን ግን "ለምን ሲ6?" ሲለኝ መልሱ በሚቀጥለው እርምጃ ላይ ነው ያለው፣ በዚህኛው ላይ አይታይም። ይቺ ትንሽ የምትመስል ነገር ለእሱ ትልቅ ነች።

የቀሩት ለንደንና ጣሊያን ናቸው፤ እኔና እሱም የተጨቃጨቅነው በእነዚህ ሁለቱ ነው።

ለንደን ስሙን ያገኘው በ1922 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ከተደረገው ውድድር ነው። ነጩ ዲ4 ይላል፣ ቢሾፑን ኤፍ4 ላይ ያወጣል፣ ከዚያ ኢ3፣ ሲ3፣ ፈረስ ኤፍ3። ወታደሮቹ እንደ ድንኳን ይቆማሉ። ጥቁሩ ምንም ቢያደርግ አቀማመጡ ብዙም አይለወጥም፤ ቅደም ተከተሉን ብታዛባም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርስ ነገር የለም። አባቴ ባየው ጊዜ ወደደው።

"ይሄ ቤት ነው" አለ። "ሰው ቤቱን አውቆ ነው የሚወጣው። እኔን አሁን የማላውቀው ሰፈር አትውሰደኝ።"

ምን ልበለው? በራሴ ሚዛን ብመዝነው ለንደን ያሸንፋል። ስትረሳው ይምርሃል። የማልወደው ነገር ምሕረቱ ራሱ ነው። ሁለት ምሽት በለንደን ተጫወትን፤ አባቴ ድንኳኑን ሲተክል አንድም ጊዜ ቀና ብሎ የኔን ዕቃዎች አላየም። ማየት አላስፈለገውም። እኔ ሲ5 ብዬ ንግሥቴን ቢ6 ላይ ሳደርግ ግን፣ ቢሾፑ ከሲ1 ስለወጣ ቢ2 ላይ ያለው ወታደር ጠባቂ አልነበረውም፤ በላሁት። እሱ ያኔም ኢ3 እና ሲ3 በቦታቸው መሆናቸውን ነበር የሚያረጋግጠው።

ጣሊያን ሌላ ነው። ነጩ ኢ4፣ ጥቁሩ ኢ5። ነጩ ፈረሱን ኤፍ3 ላይ ያወጣል፤ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ሊበላው ነው። ጥቁሩ ፈረሱን ሲ6 ላይ አውጥቶ ይጠብቀዋል። ነጩ ቢሾፑን ሲ4 ላይ ያደርጋል፤ የሚያየው ያንኑ ደካማ ቤት፣ ኤፍ7ን ነው። የጨዋታው ዕድሜ ረጅም ነው፤ ጣሊያናዊው ግሬኮ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በእጅ ጽሑፎቹ ትቶልን ከሄዳቸው ጨዋታዎች መካከል ይገኛል። ከዘሮቹ አንዱ ጁኦኮ ፒያኖ ይባላል፣ ጸጥተኛ ጨዋታ ማለት ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያቱ ሰሌዳው ላይ ተቀምጧል። ሦስተኛውን እርምጃ ብትረሳ ዓይንህን ከፍተህ "የጠላቴ ደካማ ቤት የቱ ነው? እዚያ የሚያይ ዕቃ አለኝ?" ካልክ፣ የረሳኸውን እንደገና ትሠራዋለህ። ለንደን መርሳትህን ይቅር ይልሃል፤ ጣሊያን የረሳኸውን እንድታገኘው መንገድ ይተውልሃል። ለአባቴ የፈለግሁት ሁለተኛውን ነበር።

እሱ ግን አልተዋጠለትም። "አንተ ማሰብ ነው የምትለኝ፤ እኔ የጠየቅኩህ መያዝ ነው" አለኝ። ልክ ነበር። ሁለታችንም የተለያየ ነገር እየፈለግን ነበር።

ያፈታን ሰንጠረዥ ነው። ቃሉ ዛሬ ለኛ የቁጥር መደርደሪያ ሆኗል፤ እኔ ቢሮ ውስጥ በቀን ሃያ ጊዜ ሰንጠረዥ ስል የዳታቤዝ ሠንጠረዥ ማለቴ ነው። በፊት ግን የጨዋታ ስም ነበር፣ ከሻትራንጅ የመጣ። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ በ1971 እ.ኤ.አ. ረጅም ጽሑፍ አውጥተዋል። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ክር የተከፋፈለ ነው፣ ነጭና ጥቁር ቤት የሚባል ነገር የለውም። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር፣ መደቅ አሉት። ፈርዟ እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሰሌዳውን የምትቆርጥ አይደለችም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የምትሄደው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አጀማመሩ ነው። ወረራ ይባላል። ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ዕቃ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን ዕቃ እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል፤ ተራ የሚጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው።

እስቲ አስቡት። እንዲህ ባለ ጨዋታ "የትኛውን መክፈቻ ልሸምድድ?" የሚባል ጥያቄ ከየት ይመጣል? አንተ ፈረስህን እዚህ ስታደርግ እሱ አይቶህ የሱን ያዛውራል፤ አንተም አይተኸው ትመልሳለህ። የምትይዘው ዝርዝር የለም፣ የምታየው እጅ ነው ያለው። ቦቢ ፊሸር በ1996 እ.ኤ.አ. የኋላውን ረድፍ ዕቃዎች በዕጣ አደባልቆ 960 የተለያዩ አጀማመሮች ያሉት ቼዝ ሲያስተዋውቅ የሸሸው ሽምደዳን ነበር። አባቶቻችን በዕጣ አልደከሙም።

ለአባቴ ነገርኩት። ዓይኑ በራ፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳል። "እንሞክራ!" አለ። የዛሬውን ዕቃዎች ይዘን አጀማመሩን ብቻ ተበደርን። የመጀመሪያው ዙር ሁለታችንም እጃችን እስኪጋጭ የተሯሯጥንበት ቀልድ ነበር፤ እናቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ምን ሆናችሁ አለችን። ሁለተኛው ላይ ግን አባቴ ዝግ አለ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የኔን እጅ ይመለከት ጀመር። ቢሾፔን ወደ እሱ ንጉሥ ሳዞር ወታደሩን ገፋ። ፈረሴን ሳስጠጋ ቢሾፑን መለሰ። አሥር ደቂቃ ያህል አንድም ዕቃ ሳይበላ ተጠባበቅን፤ አባቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ቅደም ተከተል አንድም ቃል አላነሳም።

ተኝቼ ሳስበው ከዳማ ያመጣው ልማድ መሆኑ ገባኝ። ዳማ ላይ አርባ ዓመት የኖረ ሰው የሌላውን እጅ ማየት ያውቅበታል። ቼዝ ላይ ያጣው "ኦፕኒንግ" የሚለው ቃል አስፈራርቶት ነው። ቃሉ የሚጠና ነገር ያስመስለዋል።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። በነጭ ሲጫወት ጣሊያን፣ ግን ጸጥተኛው። ከሲ4 በኋላ ዲ3 ይላል፣ ንጉሡን ካስል አድርጎ ይሸሽጋል፣ ሲ3፣ ሩክ ኢ1። የፈለገውን ቤትም አገኘ ማለት ነው፤ የሚያስቸኩል ነገር የለበትም፣ ቅደም ተከተሉ ቢዛባም ብዙ አይጎዳም። በጥቁር ሲጫወት ለኢ4 መልሱ ኢ5 ነው። ነጩ ጣሊያን ሲይዝበት ፈረሱን ኤፍ6 ላይ በማውጣት ፈንታ ቢሾፑን ሲ5 ላይ እንዲያደርግ ነገርኩት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፈረሱ ኤፍ6 ላይ ከወጣ ንግሥቷ ወደ ጂ5 የምታይበትን መስመር ይዘጋዋል። ያኔ የነጩ ፈረስ ጂ5 ላይ ይዘልና ከቢሾፑ ጋር ሆኖ ኤፍ7ን ይጎትታል፤ ከዚያ የሚመጣው ፈረንጆቹ የተጠበሰ ጉበት የሚሉት ጥቃት ነው። (ስሙን ስነግረው "ከነቃሪያው?" አለኝ።) ቢሾፑ ሲ5 ላይ ከሆነ ግን መስመሩ ክፍት ስለሆነ ጂ5 ላይ የዘለለውን ፈረስ ንግሥቷ እዚያው ትበላዋለች። ይሄ የሚሸመደድ አይደለም። ጣቱን ከዲ8 እስከ ጂ5 በሰያፍ እያስኬደ ማየት ይችላል፤ በየጊዜው ያደርገዋልም።

ለቲቸር የአራት እርምጃ ወጥመድ መልስ እንኳ አልሰጠሁትም። "ንግሥት ቀድማ ከወጣች ምን ልትበላ እንደመጣች ጠይቅ" አልኩት፣ ያ በቃ።

አስሩን ሙቭ ግን ሰጠሁት። የጠየቀው እሱ ነዋ። የጣሊያንን አስር እርምጃ በትልልቅ ፊደል ጽፌ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን በአንድ መስመር አስፍሬ ሰጠሁት። ጠዋት ጠዋት ቡና እስኪፈላ ይደግመዋል። አንዳንድ ቀን አስሩም ይመጣሉ፣ አንዳንድ ቀን ስምንት። ስምንት የመጣ ቀን ፊቱ ይጨልማል፤ ያንን የሚለውጥ መክፈቻ የለኝም።

ባለፈው ወር ሻይ ቤት አብሬው ሄድኩ። ነጭ ደርሶት ኢ4 አለ፤ ቲቸር ኢ5 አሉ። ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6። ከዚያ አባቴ ቆመ። ሦስተኛው ነው፤ መቶ ጊዜ ያደረገው። እጁ ከፍ ብሎ ሰሌዳው ላይ ቀረ። እኔ ብርጭቆዬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ቲቸር ወደ መንገዱ አዩ፤ የማይራሩት ሰውዬ ያን ጊዜ ራሩለት መሰለኝ። አባቴ እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገና ሰሌዳውን ከቲቸር በኩል ያለውን ጀምሮ ያይ ጀመር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። "ይሄ ፈረሱ ይጠብቀዋል... ይሄ ንግሥቷ... ይሄን ማንም" አለ፤ ጣቱ ኤፍ7 ላይ ነበር። ከዚያ ቢሾፑን አንስቶ ሲ4 ላይ አስቀመጠው። ቀስ ብሎ ዘወር ብሎም አየኝ።

ተሸነፈ። ከአርባ እርምጃ በላይ ሄደው፣ ሁለቱም አንድ አንድ ሩክ ቀርቷቸው፣ ቲቸር አንድ ወታደር አሳልፈው ንግሥት አደረጉት። የካፓብላንካ ምክር የገባኝ እዚያ ላይ ነው፤ ቀጣዩ ሥራችን የሩክ ማብቂያ መሆን አለበት። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ስለ ሽንፈቱ አንድም ነገር አላነሳም። ስለዚያ ሦስተኛ እርምጃም አላወራም። ሰንጠረዥ በወረራ የሚጫወት ሰው በሕይወት ይኖር እንደሆነ ነው የጠየቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ቲቸር ኢ4 ትተው ዲ4 መጀመር ጀምረዋል። አባቴ ይህን እንደ ክብር ቆጥሮታል። አሁን በጥቁር ዲ5፣ ፈረስ ኤፍ6፣ ኢ6 እያልን ነው፤ ሲ4 ላይ የሚቀርብለትን ወታደር ይብላው አይብላው ደግሞ ገና አልተስማማንም። እኔ ተወው እላለሁ። እሱ "የቀረበ ይበላል" ባይ ነው፤ ዳማ ነው ያስተማረው።